የቆረቆሩ ካርታ

ውድ ይትባረክ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ምክንያት አትፈልግለት።

ሲኤምሲ ያለው መዋለ ሕፃናትህ ሲመረቅ፣ ወላጆች ፊት ጎንበስ ብለህ «ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው» ስትል ኮርቼ ነበር። ያን ዕለት አልነገርኩህም። ዛሬ የምነግርህ ኩራቱ ማለቁን ነው።

የጎረቤቴን የካሊድን ልጅ አስማን አባረሃታል። ገና አምስት ዓመቷ ነው። ራሷ ላይ ቆረቆር ወጣ፤ ሌሎች ልጆችንም ያዛቸው። ከአባቷ ጋር ቢሮህ መጥተን ስንጠይቅህ እየሳቅህ፣ «ቲቸር፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩን? የስንዴ ዋግ እርጥበትና ሙቀት ባለበት አገር ይበዛል ብለው! የልጅቷ ሒጃብ ሥርም ያው ነው» አልከኝ።

ካሊድ «የምታወሩት ስለ ልጄ ነው ወይስ ስለ ስንዴ?» አለ። ዞረህም አላየኸው።

ከትምህርቴ የያዝከው ግማሹን ነው። መጀመሪያ በሽታው የታየበትን ቦታ ካርታ ላይ አስፍሩ፣ ምክንያቱን ከዚያ በኋላ ተናገሩ ብዬ ነበር። አንተ ስላላደረግከው እኔ አደረግኩት። የታመሙትን ልጆች ቤት እየዞርኩ ጠየቅኩ። ከኦሎምፒያ እስከ ሲኤምሲ ተበታትነዋል፤ አንዱ ቪላ፣ አንዱ ኮንዶሚኒየም። ሮዳስ ሒጃብ አድርጋ አታውቅም። የይሕደጎ ራስ ሁልጊዜ የተላጨ ነው። ከሰፈራቸው ምንም ስላላገኘሁ፣ ከምሳ በኋላ የት እንደሚተኙ አንዷን ሞግዚት ጠየቅኳት። ስሟን ከእኔ አታገኝም።

«ምድር ቤት ነዋ፣ ጋሼ! ግድግዳው ያልበዋል። ትራሱ የት ይደርቃል፣ ፀሐይ የለ! ልጆቹም ያገኙት ትራስ ላይ ነው የሚተኙት።»

የታመሙት ሁሉ እዚያ የሚተኙ ናቸው። ፎቅ ላይ፣ መስኮት ያለው ክፍል ውስጥ ከሚተኙት አንድም አልታመመም። ልጅህ ፊዮሪ የምትተኛው ፎቅ ነው። ስለዚህ አላወቅኩም አትበለኝ።

አስማ ግን ጠዋት ጠዋት ቦርሳዋን አንግታ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። ትናንት «ጋሼ፣ ሁሉንም ያሳመምኳቸው እኔ ነኝ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ጥያቄ በአምስት ዓመት ሕፃን አፍ ያስገባኸው አንተ ነህ።

ሐኪሟ መመለስ ትችላለች ብሏል። ሰኞ ጠዋት እጇን ይዤ እመጣለሁ፤ ሒጃቧን እንዳደረገች ትገባለች። ምድር ቤቱም ተዘግቶ ማየት እፈልጋለሁ። ዘበኛህ ከመለሰን ግን የትም አንሄድም። በሩ ላይ ቆመን፣ ልጁን ከመኪና ለሚያወርድ ወላጅ ሁሉ አንድ ጥያቄ እናቀርባለን፤ «ልጅዎ የሚተኛበትን ክፍል አይተውት ያውቃሉ?»

መምህርህ የነበርኩት፣
ገብረዋሕድ