የሰዒዳን እጅ በተመረጠው ሶፍትዌር እንደገና ስለማልሥልበት ምክንያት

ለተከበሩ አቶ ይግዛው
የወጣቶች የንባብና የሥዕል ማዕከል ሥራ አስኪያጅ፣ የሥዕል ሶፍትዌር መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ከሚሴ

የአክብሮት ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የኮሚቴው አባላትም እንደምን ከርማችኋል? አላህ ጤናዎን ይጠብቅልን። ስለ ዓይንዎ እንኳ አልሰጋም፤ ዘንድሮ አንድም ሥዕል ሳያዩ ስለ ሥዕል ይህን ያህል ስለወሰኑ በሚገባ አርፏል ብዬ አምናለሁ።

እኔ ዓፊያ ሙሀመድኑር እባላለሁ። ከባልደረባዬ ከማንአልሞሽ ጋር በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ፣ ወጣቶቹ ኮሚክ የሚሉትን ማለቴ ነው፣ በኮምፒዩተር ሠርተን ጨርሰናል፤ እኔ እሥላለሁ፣ እሷ ቀለም ትሰጠዋለች። ታሪኩ በሰንበቴ ገበያ ከብት የምትነግድ ሴት ታሪክ ነው፤ ሴትዮዋም አክስቴ ሰዒዳ ናት። ማዕከልዎ አሳትሞ በየትምህርት ቤቱ ሊያድለው ቃል ገብቶልን ነበር። በቅርቡ ግን ኮሚቴዎ በመረጠው ሶፍትዌር እንደገና ካልተሣለ እንደማይታተም በፊርማዎ አሳወቁን። ስለ ግልጽነትዎ ከልብ እያመሰገንኩ፣ ቅሬታዬን በቁጥር ለይቼ ለማቅረብ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ አመራረጡ። የግዢ ሥርዓቱ እንዳይጓደል ብለው ሦስት ፕሮፎርማ እንዲሰበሰብ አዘዙ። እኛ የምንሠራበት የሥዕል ፕሮግራም ማንም ከኢንተርኔት በነፃ የሚያወርደው ስለሆነ ሻጭ የለውም፤ ሻጭ ስለሌለው ፕሮፎርማ አላመጣም፤ ፕሮፎርማ ስላላመጣም ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ ጠፋ። ኮሚቴውም «ዋጋ ያላቀረበ ተወዳዳሪ» ብሎ በመጀመሪያው ዙር ጣለው። በነፃ በመገኘቱ የተሸነፈ ተወዳዳሪ ከዚህ በፊት አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ይህን ለማየት ስላበቁኝ ባለውለታዎ ነኝ። ያሸነፈው ደግሞ ለሠርግ ጥሪ ካርድ የሚሆን፣ ተሥለው ያለቁ ምስሎችን እየጎተቱ የሚለጥፉበት ፕሮግራም ነው። የአቅራቢው ሰነድ አንድም ጉድለት እንዳልነበረበት ሰምቻለሁ። እርሳስ የሚመስል ነገር ግን ፕሮግራሙ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

ሁለተኛ፣ ይህ የተመረጠ ፕሮግራም ፊደላችንን አያውቅም። ሰዒዳ አፏን ስትከፍት የሚወጣው ባዶ ሳጥን ነው፤ ገዢውም በሳጥን ይመልስላታል። እኛ ሰዎቻችንን ያናገርናቸው ከሚሴ ላይ እንደሚነጋገሩት፣ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ እየጨረሱ፣ የግዕዙን ፊደልና ቁቤውን ጎን ለጎን እያስቀመጥን ነበር። ይህን ለማዕከሉ የኮምፒዩተር ባለሙያ ሳስረዳቸው ንግግሩ እንዲቀነስ መከሩኝ። የጨፋን ገበሬና የሰንበቴን ነጋዴ በአንድ ጊዜ ዝም ለማሰኘት ስለሞከሩ ድፍረታቸውን አደንቃለሁ።

ሦስተኛው ግን የእውነት ያናደደኝ ነው፤ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢያጥርብኝ ይታገሡኝ።

ከብት ተራ የቆመ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ደላላው የሻጭንና የገዢን እጅ ይዞ፣ መዳፍ ለመዳፍ እያጋጨ ነው ዋጋ የሚያስቆርጠው። ሰዒዳ በወጣትነቷ የመጀመሪያ በሬዋን ስታወጣ ደላላው የሴት እጅ አልይዝም ብሎ ዞር አለ። እሷም ወደ ቤቷ አልተመለሰችም። የሻርፗን ጫፍ በመዳፏ ላይ ጠቅልላ፣ የገዢውን መዳፍ ራሷ መታችና ዋጋውን ቆረጠች። መጽሐፉ በሙሉ የተሠራው ለዚያች አንዲት ገጽ ነው። ያን እጅ ስንት ጊዜ ሥዬ ስንት ጊዜ እንዳጠፋሁት ማንአልሞሽ ትመስክር።

የእርስዎ ባለሙያ ገጿን በተመረጠው ፕሮግራም ለናሙና ሠሩልን። ፕሮግራሙ ያለው የእጅ ምስል አንድ ብቻ ነው፤ ሱፍ የለበሱ ሁለት ወንዶች ሲጨባበጡ። ያንኑ ወስደው ከሰዒዳ ትከሻ ላይ ለጠፉት። በዚያ ላይ መዳፍ መማታት ጠብ ያስመስላልና መጨባበጥ የተሻለ ነው የሚል አስተያየት ጨመሩበት። አክስቴ ልታይ መጥታ ነበር። ምስሉን ብዙ አየችውና እንዲህ አለች፤ «ወላሂ ይኼ የኔ እጅ አይደለም። የኔን እጅ ገመድ በልቶታል። ደሞ እኔ ሰዓት መቼ አሰርሁና?»

ይህን ብላ ወጣች። ያን ቀን እንደተናደድኩ ተናድጄ አላውቅም፤ አፈርኩም፣ ምክንያቱም እንድታይ የጠራኋት እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ የተከበሩ አቶ ይግዛው፣ እንደገና አንሥለውም። መጽሐፉን በነፃው ፕሮግራም እንደተሣለ ዘይና ፎቶ ኮፒ ቤት አባዝተነዋል። የማንአልሞሽ ቀለም በጥቁርና ነጭ ማባዣው ውስጥ መቅረቱ ያንገበግበኛል፤ የሰዒዳ እጅ ግን በቦታው አለ። በመጪው የሰንበቴ ገበያ ከብት ተራ ቆማ የምታድለው ሰዒዳ ራሷ ናት። ለተማሪዎቻቸው የሚፈልጉ መምህራንም እዚያው እንደሚመጡ ነግረውናል። ፈቃድ እየጠየቅሁዎት አይደለም፤ እየጋበዝኩዎት ነው። ከመጡ እጅዎን ዘርግተው ይቀበሏት።

ኮሚቴዎ እንዳይበተን፣ ቃለ ጉባኤው እንዳይነጥፍ፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ ላሳዩን ትዕግሥት ሁሉ የማይገባዎትን ምስጋና ጭምር አቀርባለሁ።

በፍጹም አክብሮትና ባለመታዘዝ፣
ዓፊያ ሙሀመድኑር
ሠዓሊ፣ ከሚሴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሶፍትዌሩን መመረጥ የሚያበሥረውን፣ በማዕከሉ በር ላይ የተሰቀለውን ትልቅ ባነር በምረቃው ዕለት «የአዲሱ ሶፍትዌር የመጀመሪያ ፍሬ» ብለው ማሞገስዎን ሰምቻለሁ። አላህ ይስጥልኝ፤ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በነፃው። አዲሱ የማዕከሉንና የእርስዎን ስም አልጽፍ ብሎ ሲቸገሩ ወደ እኔ የመጡት ሠራተኛዎ ወደ ሌላ ወረዳ ስለተዛወሩ ፍለጋ አይድከሙ። ባነሩ እዚያው ይቆይልዎ፤ በከተማው ውስጥ ስምዎ ሳይበላሽ የተጻፈው እሱ ላይ ብቻ ነው።