ተመልሼ ካላየሁ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 4
ዛሬም ተመለስኩ። ዳቦውን መኪናው ላይ ጭኜ ወጣሁ፤ ድልድዩ ጋ ስደርስ የኋላ ጎማው ጉድጓድ ገባና ጓ አለ። በየቀኑ የማልፈው ጉድጓድ ነው። አውቃለሁ... ግን የገጨሁት ሰው ቢሆንስ? በስፖኪዮ አየሁ፤ ማንም የለም። አላመንኩም። ዞሬ ሄጄ ወርጄ አየሁ። ትንሽ እንደሄድኩ እንደገና ተመለስኩ።

ዳቦው ቀዘቀዘ። ዳቦ የማደርስላት ባለሱቅ በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ "ይሄ የትናንት ነው እንዴ?" አለችኝ። ምን ልበላት?

ማታ አለቃዬ ጠራኝ። "ምን አባዜ ነው የያዘህ? እንደዚህ ከቀጠልክ ቁልፉን ታስረክበኛለህ።" አልጮኸም። ያ ነው ያስፈራኝ። ሌላ ሥራ መቼ አውቃለሁ?

ዓርብ፣ ኅዳር 7
ሚጣ ጉልበቷ አብጧል። ሰሞኑን ጉሮሮዋን ሲያማት በማርና በሻይ አልፈነው ነበር። ትናንት ጉልበቷ፣ ዛሬ ደግሞ ክርኗ። ትኩሳትም አላት። "አባዬ፣ ሕመሙ እየዞረ ነው" አለችኝ። ልጄ በስምንት ዓመቷ እንደ አሮጊት "እህህ" እያለች ነው የምትነሳው።

ሰኞ፣ ኅዳር 10
ሆስፒታል አስተኟት። ሩማቲክ ፊቨር ነው አሉ። ከጉሮሮ ተነስቶ መገጣጠሚያ ይይዛል፣ ቸል ካሉት ልብ ይጎዳል። ልቧ ደህና ነው። ተመስገን። ተመስገን።

ሐኪሟ ከቤተሰብ ይሄ ሕመም የያዘው ሰው እንዳለ ጠየቀችን። እህቴ አልኳት፤ ልጅ ሆና ይዟት እስከ ዛሬ ልቧን ያማታል። ከዚያ ያልጠበቅኩት መጣ።

"ነገር እየደጋገመ የሚያጣራ፣ ሃሳብ አልለቅ የሚለው ሰውስ?"

ባለቤቴ ዞራ አየችኝ። "ይኸው፣ ጉድጓድ እየተመለሰ የሚጎበኝ ባል አለኝ" አለች። እጇ ግን እጄ ላይ ነበር።

ሐኪሟ አልሳቀችም። ስም አለው፣ ኦሲዲ የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው አለች። አንዳንድ ጥናቶች ሩማቲክ ፊቨር ባለበት ቤተሰብ ውስጥ ይሄም በዛ ብሎ አግኝተውታል፤ ለምን እንደሆነ ገና አልለየም። "አንዱ ሌላውን አመጣ ማለቴ አይደለም። ግን እርስዎም መታከም ይችላሉ።"

መታከም... እኔ? ጠባዬ ይመስለኝ ነበር እኮ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12
ለእህቴ ለእትዬ ደውዬ ነገርኳት። "የኔ ልብና ያንተ ጭንቅላት ዘመድ ናቸው በለኛ" ብላ ሳቀች። ወዲያው ድምጿ ተሰበረ። "ልጅ ሆነህ በሩን ደጋግመህ ሳትነካ አትተኛም ነበር። አትሞላቀቅ እያልኩ ስኮረኩምህ..." አለቀሰች። የታመምኩት እኔ፣ የማባብለው እኔ። ሰው በሽተኛ ነህ ተብሎ እንዲህ ቀለል ይለዋል?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 4
ሚጣ ቤት ገብታለች። ሕመሙ እንዳይመለስ መርፌው በየወሩ ይቀጥላል።

ለአለቃዬም ነገርኩት። "ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?" አለ። እኔስ መቼ አውቄው። እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቅሃለሁ አለኝ። እግዜር ይስጠው።

ሐኪሟ የላከችኝ የአእምሮ ሐኪም ያለኝ ይሄ ነው፦ "ሃሳቡ ሲመጣ አይከራከሩት። አይመለሱ። ይጩህ፣ ሲደክመው ይተዋል።"

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 9
ተመለስኩ። አልደከመውም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 19
ተመለስኩ፣ ግን አንዴ ብቻ። ባለቤቴ ስነግራት ሳመችኝ። ለዚህ?

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 27
የሚጣ የመርፌ ቀን። ዳቦውን አድርሰን እንሂድ ብዬ አጠገቤ አስቀመጥኳት። ድልድዩ ጋ ጓ አለ። ሰውነቴ በላብ ተጠመቀ።

"አባዬ፣ አትመለስም?"

"አልመለስም።"

"እኔም መርፌው ላይ አላለቅስም" አለች። መሪውን ጨብጬ ነዳሁ። ሃሳቡ ጮኸ፣ ጮኸ... ሱቁ ጋ ስንደርስ ድምፁ ቀንሷል።

ባለሱቋ ሳጥኑ ውስጥ እጇን ሰዳ ቶሎ መለሰችው። "ኧረ ያቃጥላል፣ ምነው እንዲህ አድርገህ አመጣኸው?"

ይቅርታ ጠየቅኳት። በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም።