እህቴ አልቀመጥም ስላለችበት ወንበር

ለሙከራ ቆይታ ፈቃድ መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባልደረቦችዎ እንዲሁም በመጠበቂያ አዳራሽዎ ጥግ ያለችው ውሃ የተረሳባት አበባ እንደምን እንደከረማችሁ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ለእናንተ ሙሉ ጤንነት፣ ለአበባዋ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ውሃ እመኛለሁ። እኛ ደብዳቤዎ እስከደረሰን ጠዋት ድረስ ደህና ነበርን።

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማርኩ፣ ከአገሬ ሳልወጣ የሰው አገር ወንዝና የዝናብ መጠን በቃሌ የያዝኩ ጡረተኛ ነኝ። ወደዚህ የመጣሁት እናታችን ከሞተች በኋላ ካሳደገችኝ ከታላቅ እህቴ ጋር ነው፤ እኔ እትዬ እላታለሁ፣ እሷም ጸጉሬ እንዲህ ጥጥ መስሎ ሳለ እስከ ዛሬ ማሙሽ ትለኛለች። እትዬ መርሳት ጀምራለች። በአገር ቤት ሳለን አንድ ቀን ምድጃ ለኩሳ ወጥታ፣ ሰፈሩ ሲፈልጋት ውሎ፣ ከማታውቀው ሰው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ተገኘች። ይህን ጊዜ እዚህ የከተማ አውቶቡስ የምትነዳው ልጄ «አባዬ፣ ብቻህን አትችላትም፤ ሁለታችሁም ለሙከራ ኑ፣ ካልተስማማችሁ ትመለሳላችሁ» ብላ ለመነችኝና መጣን። አመጣጣችንም ሆነ አኗኗራችን መሥሪያ ቤትዎ ለሙከራ ነዋሪዎች ባሳተመው የጠቃሚ ምክሮች መመሪያ መሠረት ነበር። የገዛ አባቴን እንኳ እንደዚያ ታዝዤው አላውቅም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. መመሪያው «በአገሩ ውበት እንዳይታለሉ በክፉው ወቅት ይሞክሩት» ይላል። ታዘን በብርዱ ወራት መጣን፤ ፀሐይ ሥራ እንደጠላ ሠራተኛ አርፍዳ መጥታ ምሳ እንደተበላ ሹልክ በምትልበት ወራት ማለቴ ነው። ችግሩ፣ ሲመሽ ሰው ቤት ተጎልቶ መቀመጥ ነውር መሆኑ እትዬ እስካሁን ካልረሳቻቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ መሆኑ ነው። መስኮቱ መጥቆር ሲጀምር ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ታስተካክልና «ማሙሽ፣ መሸ እኮ፤ እንነሳ እንጂ፣ ሰዎቹም ይረፉ» ትለኛለች። ሰዎቹ እኛ ነን።

፪. መመሪያው «የጎብኚ ኑሮ አይኑሩ፤ ከጎረቤት ጋር ይተዋወቁ» ይላል። ሞክረናል። ከበላያችን የሚኖረውን ሰው በእግሩ ድምፅ ብቻ ስለምናውቀው ልጄ አቶ ኮቴ ብላ ስም አውጥታለታለች፤ ደረጃ ላይ ሰላም ስንለው ከስልኩ ውስጥ አንድ አስቸኳይ ጉዳይ ያገኛል። እትዬ ግን ኮቴውን ስትሰማ ውላ የቤቱ ባለቤት እሱ መሆኑን ወሰነች። «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው! ታች ቤቱን ለእኛ ለቆ እሱ ላይ ወጣ» ትላለች፤ ሳንሰናበተው ብንሄድ እንደምናፍርም ደጋግማ ታሳስበኛለች። አቶ ኮቴ ይህን ባያውቅም በቤታችን ውስጥ እንደሱ የተከበረ ሰው የለም፣ ከእርስዎ በስተቀር።

፫. መመሪያው በሙከራ የተከራዩት ቤት ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታትን ይከለክላል። አልመታንም። ሚስማር ስለሌለ የእትዬ ቦርሳ የሚንጠለጠልበት ቦታ የለም፤ የሚንጠለጠልበት ስለሌለም ጭኗ ላይ ነው የሚውለው፣ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋት እንኳ። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ያደረገች ሴት ደግሞ፣ ክቡር ሆይ፣ በየትኛውም አገር እንግዳ ናት።

፬. «ሳይታመሙ ሐኪም ቤቱን ይሞክሩ» ለሚለው ምክር የማቀርበው ምስጋና ግን ከልቤ ነው። ሐኪሟ እትዬን እጇን ይዛ፣ ሳትቸኩል መረመረቻት። ከዚያም መርሳቱ እየባሰ እንጂ እየተሻለ እንደማይሄድ፣ የሚያስፈልጋት አንድ ቤት፣ የለመደችው ፊትና የማይለዋወጥ ውሎ መሆኑን፣ ከእንግዲህም ከቦታ ቦታ ባናዘዋውራት እንደሚሻል ነገረችን። ልጄ የሥራ ጃኬቷን እየለበሰች «እንግዲህ ሙከራው አለቀ አባዬ፤ እዚሁ ናችሁ» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ለቋሚ መኖሪያ ፈቃድ አመለከትን።

፭. እንግዲህ ወደ ወንበሩ ደረስን። በቃለ መጠይቁ ክፍል ግራጫ ምንጣፍ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አስተርጓሚው የሚሰማበት አንድ ስልክና አንድ የእንግዳ ወንበር ነበር። እኔ ከኋላ ቆሜ ትንፍሽ እንዳልል ተነገረኝ። ጠያቂዋ ባልደረባዎ በፈገግታ «ይቀመጡ» አለቻት። እትዬ በዚህ ዕድሜዋ፣ አንድ ጊዜ ብቻ «ተቀመጪ» ተብላ የተቀመጠችበት ወንበር የለም። «አይ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ አልቀመጥም፤ ልንሄድ ነው» አለች። ጠያቂዋ ጻፈች። አገሩን ወደውታል ወይ ስትባል «ደስ ይላል፤ ግን ሰው ቤት ስንት ይቆያል? እናንተንም አስቸገርናችሁ» አለች። ጠያቂዋ ይህንንም ጻፈች። እዚህ መኖር ይፈልጋሉ ወይ ስትባል «ኧረ ይበቃናል፣ ክበሩልን!» ብላ ቦርሳዋን ታቅፋ ወደ በሩ ዞረች። በአስተርጓሚው ላይ ቅሬታ የለኝም፤ አንዲት ቃል አልጣለም፣ አንዲት ቃል አልጨመረም። የተሻገረው ግን ቃሉ ብቻ ነበር።

ውሳኔውም ደረሰን። የእኔ ማመልከቻ ጸድቋል። የእትዬ ፋይል ግን «አመልካቿ አገሩን ለቀው ለመሄድ መወሰናቸውን በራሳቸው አንደበት፣ በተደጋጋሚና በትሕትና ስለገለጹ» ተዘግቷል። «በትሕትና» የምትለውን ቃል ሳትዘነጉ በመጻፋችሁ የተሰማኝን ደስታ የምገልጽበት ቋንቋ አላገኘሁም። ባጭሩ፣ ያሳደገችኝ ሴት ትሂድ፣ ያሳደገችው ልጅ ይቅር ተብሏል። ደብዳቤውን ሳነብላት ያዘነችው ለእናንተ ነው፤ «አላልኩህም ማሙሽ? አስቸገርናቸው» አለችኝ።

መሥሪያ ቤትዎ በምክር ረድቶኛልና እኔም ውለታ እንዳልበላ ለባልደረቦችዎ ጥቂት ጠቃሚ ምክሮች ልስጥ። ወንበር አንድ ጊዜ ተጋብዞ አይበቃም። እትዬ በመጀመሪያው እምቢ የምትለው ለእናንተ ተጨንቃ ነው፤ በሁለተኛው ለራሷ ክብር ነው፤ በሦስተኛው ትቀመጣለች። «በሞቴ» ቢሏት ሥራው በግማሽ ያጥር ነበር፤ ነገር ግን በመንግሥት ሠራተኛ ሞት መማል ከደንባችሁ ጋር የሚጋጭ እንደሆነ ይቅር። ደግሞም «ልሄድ ነው» የሚል ሰው ገና እንዳልሄደ ልብ ይበሉልኝ፤ የሚሄድ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚሄደው።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ እትዬን እንደገና ጠይቁልኝ፣ ወንበሩንም ሦስት ጊዜ አቅርቡላት። ይህ የማይቻል ከሆነ የሰጣችሁኝን ፈቃድ ከታላቅ ምስጋና ጋር እመልሳለሁ፤ እሷን ሸኝቼ የምቀርበት አገር በተማርኩትም ባስተማርኩትም ካርታ ላይ የለም። ሁለታችን ምድጃው ወዳለበት ቤት እንመለሳለን፤ እኔ በር ስጠብቅ እሷ ሰዎቹ የት ሄዱ እያለች ስትጠይቀኝ እንኖራለን። እስከ መቼ እንደምጠብቅ አላውቅም፤ እኔም ሰሞኑን መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ መነጽሬን መፈለግ ጀምሬአለሁ።

ወንበርዎ እንዲደላዎ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ እርስዎም በስተርጅናዎ ደጋግሞ «ተቀመጥ» የሚል ሰው እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ በተፈቀደልኝ ቆይታ የተጨነቅሁ ትሑት አገልጋይዎ፣

የእትዬ ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳልጨርስ፣ እትዬ ለጉዞ መዘጋጀቷን እንዲያጣሩ የላኳቸው ባልደረባዎ ፋይላቸውን ታቅፈው መጡ። በሩን የከፈተችላቸው እራሷ እትዬ ናት፤ ቦርሳዋ በእጇ አልነበረም፣ መቼ እንደሆነ ሳናይ የመስኮቱ እጀታ ላይ ሰቅላዋለች። «ይግቡ እንጂ! ምን ደጅ ያቆምዎታል? ቤትዎ ነው፣ ይቀመጡ» አለቻቸው፤ ልጄም ቃል በቃል ተረጎመችላቸው። እሳቸውም አልቀመጥም፣ ልሄድ ነው፣ ላስቸግራችሁም አልፈልግም ሲሉ በራሳቸው አንደበት፣ በተደጋጋሚና በትሕትና ገለጹ። በመሥሪያ ቤትዎ አሠራር ቢሆን ፋይላቸው ተዘግቶ ከአገር መውጣት ነበረባቸው፤ በእትዬ አሠራር ግን በሦስተኛው ተቀመጡ።