ሰማያዊ ጨርቅ ስላልነበረው ውሻዬ

ለክቡር አቶ ናምኻይ፣
የወረዳችን አስተዳዳሪ፤

ክቡር ሆይ፣ ብርዱ እንዴት ይዞዎታል? ፈረሶችዎ ስብ ይዘዋል ወይ? ባለቤትዎስ፣ ልጆችዎስ፣ የቢሮዎ ምድጃስ እንደ ወትሮው ይሞቃል ወይ? በዚህ በኩል እኛ ደህና ነን። በጎቹ ደህና ናቸው፤ ተኩላውም ደህና ነው፤ ከትእዛዝዎ ወዲህ እንዲያውም ከፊቱ ይልቅ ተመችቶታል።

ይህን የምጽፍልዎ የሻራቭ ልጅ ቶግሚድ ነኝ፤ በሰሜኑ ሸለቆ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ለብቻው የሚኖረው ሽማግሌ። ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየሁም፤ ፊደሌም እንደ ባለጌ ፍየል መስመር አይዝም። ጸሐፊ ፈልግ ያሉኝ ነበሩ፤ የራሴን ሐዘን በሰው እጅ አላስጽፍም ብዬ እምቢ አልኩ። ደብዳቤውን በሱቁ በር ላይ የለጠፍኩትም ለእርስዎ አስቤ ነው፤ መሳቢያዎ ውስጥ ከቀድሞዎቹ ማመልከቻዎቼ ጋር እንዳይጨናነቅብዎት።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ። ባለቤቴ ሐንድሱሬን ያረፈች ጊዜ ስለላኩልኝ የማጽናኛ ካርድ ከልብ አመሰግናለሁ። ስሟ የሌላ ሴት ስም ሆኖ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ጥሩ ወረቀት ነበር። እርስዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ የምን በሽታ እንደገደላት ላይሰሙ ይችላሉና ልንገርዎ። ጉበቷ ውኃ በቋጠረ ከረጢት ተሞልቶ ነበር። የከተማው ሐኪም እንዳስረዳን ነገሩ የሚመጣው ከውሻ ሆድ ነው፤ ከሩዝ ፍሬ ያነሰች ትል አንጀቱ ውስጥ ትኖራለች፤ እንቁላሏ ከኩሱ ጋር ይወጣል፤ ጸጉሩ ላይ፣ ሣሩ ላይ፣ የሚያሻሸው ሰው እጅ ላይ ይጣበቃል። ውሻው ራሱ ትሏን የሚያገኘው ደግሞ በግ ስናርድ፣ ውኃ የቋጠረ ጉበት አይተን፣ ይህ ለሰው አይሆንም ብለን ከምንወረውርለት ነው። ውሻው ምንም አይሆንም። ይበላል፣ ይጮኻል፣ ይሮጣል። የሚሞተው የሚወደው ሰው ነው።

ሐንድሱሬን ይህን ከሰማች በኋላ ብዙ አልቆየችም። አንድ ማታ እጄን ይዛ፣ «ባሳርን እንዳትጠላው። የሰጠነውን ነው የበላው» አለችኝ። ባሳር ውሻችን ነው። ከቡችላነቱ በጉያዋ ያሳደገችው እሷ ናት።

ሁለተኛ። የእንስሳት ሐኪሟን ስለላኩልን አመሰግናለሁ፤ መልሰው ስለወሰዷትም እንዲሁ። ያቺ ልጅ በየድንኳኑ ዞራ አስተምራናለች፦ ክኒኑ በየአንድ ወር ተኩሉ ይሰጣል፤ ክኒን የወሰደ ውሻ ሁለት ሦስት ቀን ይታሰራል፤ ኩሱ ይቃጠላል ወይ ጠልቆ ይቀበራል፣ ክኒኑ ትሏን እንጂ እንቁላሏን አይገድልምና፤ ጉበትና ሳንባ ደህና አድርጎ ሳይቀቀል ለውሻ አይሰጥም፤ ውሻ የነካ እጅ ይታጠባል። ክኒን ለወሰደው ሁሉ አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስርለት ነበር። እኔ ግትር ሰው ነኝ፤ አንዴ ከያዝኩ አልለቅም። ባሳርም እንደኔ ግትር ነው። ክኒኑን በበግ ላት ጠቅልዬ ሳጎርሰው ላቱን ይውጥና ክኒኑን በጥርሱ ለይቶ እግሬ ሥር ያስቀምጥልኝ ነበር፤ ሹማምንት የሕዝብን አቤቱታ እንደሚያስቀምጡት፣ ሳይጎዳ፣ ሳይነካ። አፉን ይዤ ጉሮሮውን እያሻሸሁ አስውጠዋለሁ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ያኮርፈኛል። ሐንድሱሬን ከሄደች ወዲህ በዚያ ድንኳን ውስጥ እኔን የሚያኮርፍ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ኩርፊያው ራሱ ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ሐኪሟ ተዛወረች፤ ክኒኑም ቀረ። ስንጠይቅ መንገድ ላይ ነው ተባልን። ዛሬም መንገድ ላይ ነው፤ ደህና ይግባ። እኔ ግን አልጠበቅሁም። ወደ አውራጃው ከተማ በሚሄድ የጭነት መኪና ሹፌር በኩል ክኒኑን እያስገዛሁ ሳላቋርጥ ሰጥቼዋለሁ፤ አስሬዋለሁ፤ ኩሱን በገዛ እጄ ለቅሜ አቃጥያለሁ። ጎረቤቶቼ ቶግሚድ የውሻ ሞግዚት ሆነ እያሉ ስቀውብኛል። ይሳቁ።

ሦስተኛ። ከቄራው ጀርባ ስላለው ፈፋ። በየበልጉ መጨረሻ፣ በየመኸሩ፣ የሚታረደው ከብት ሁሉ የሆድ ዕቃ እዚያ ይጣላል፤ ውኃ የቋጠረው ጉበትም፣ ሳንባውም። የወረዳው ውሻ ሁሉ ድግሱ እዚያ ነው። ቢሮዎ መጥቼ አጥር ይሠራለት ወይ ይደፈን ብዬ ለምኜዎታለሁ። በክብር ተቀብለው ሻይና ከረሜላ አቀረቡልኝ፤ ከረሜላው ጥርሴን ቢያመኝም አመስግኜ በላሁት። ከዚያም ፈገግ ብለው፣ «አይጨነቁ ሽማግሌ፣ ውሾቹ ያጸዱታል» አሉኝ። እውነትዎን ነው። አጸዱት። ከነትሉ አጸድተው በየቤታቸው ይዘውት ገቡ።

አራተኛ። ትእዛዝዎ። ከከተማ ትልልቅ እንግዶች ሊጎበኙን ነው፣ በወረዳው የውሻ ትል እንዳይገኝ ተባለ። ትል ማጥፋት ረጅም ሥራ ነው፤ ውሻ ማጥፋት አጭር ነው፤ እርስዎም ጊዜ የማያባክኑ ሰው ነዎት። ዘንድሮ ክኒን የወሰደ ውሻ ሰማያዊ ጨርቅ ይታሰርለታል፤ ሰማያዊ የሌለው ይተኮስበታል፤ ቀዩ የዓምናው ስለሆነ አይቆጠርም ተብሎ ታወጀ። ሰማያዊው ጨርቅ የሚታደለው ከክኒኑ ጋር ነው። ክኒኑ ደግሞ፣ እንዳልኩት፣ መንገድ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቋጠሮ የሚቋጥር ሰው እረኛ ቢሆን ኖሮ አንድ ፈረስ አያመልጠውም ነበር።

ሁለት ሰዎች በሞተር ብስክሌት መጡ። ጠመንጃ የያዘውን አላውቀውም። ሌላው የጎረቤቴ ልጅ ሎዶይ ነው፤ በልጅነቱ ከሐንድሱሬን እጅ እርጎ የበላ። ራቅ ብለው ቆሙና ሎዶይ እንደ ጨዋ እንግዳ፣ «ውሻህን ያዝ!» ብሎ ተጣራ።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም የእረኛ ልጅ ነዎትና ይህን ጥሪ የሰማ ባለቤት ምን እንደሚያደርግ አይጠፋዎትም። ወጥቶ ውሻውን ይይዛል፤ እንግዳው በሰላም እስኪገባ ድረስ አይለቅም። አባቴም እንዲህ አደረገ፣ አያቴም። እኔም ሻይ ጥጄ ነበርና ለሦስት ሰው የሚበቃ ውኃ ጨምሬ ወጣሁ፤ ተንበርክኬ አንገቱን አቀፍኩት። ባሳር እኔ ከያዝኩት የመጣው ወዳጅ ነው ብሎ ያምናል። እንዲያምን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ጸጥ አለ።

«ቀይ ነው ያለው አባባ» አለ ሎዶይ፣ መሬት መሬት እያየ።

«ትል ቀለም መለየት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? ክኒኑን በእጄ ነው ያጎረስኩት። ይልቅ አንተን ብንመረምርህ ይሻላል» አልኩት።

«አውቃለሁ አባባ። ትእዛዙ ግን ሰማያዊ ነው የሚለው።»

ሰማያዊማ አለኝ አልኩ። በሐንድሱሬን ፎቶግራፍ ላይ ያሰርኩት ሐዳግ፣ ለክብር የሚታሰረው የሐር ጨርቅ፣ አለ፤ ከሰማይ የበለጠ ሰማያዊ ነው። እሷም አትቀየመኝም። ስለዚህ ሎዶይን፣ «ያዝልኝ፣ መጣሁ» አልኩትና ውሻውን በእጁ ሰጥቼ ገባሁ።

ቋጠሮው የቆየ ነው፤ ጣቶቼም ደርቀዋል። እምቢ አለኝ። በጥርሴ ያዝኩት። ተኩሱን የሰማሁት ሐሩ በጥርሴ መካከል እያለ ነው።

ስወጣ ሎዶይ እጁን እንደዘረጋ ቆሟል። ባሳር እግሩ ሥር ነው። ባለጠመንጃው ገና ብዙ ቤት እንደሚቀራቸው፣ ቀኑም አጭር እንደሆነ በትሕትና አስረዳኝ። ሻይ እንዲጠጡ ጋበዝኳቸው፤ እንግዳ ናቸውና። አልጠጡም። ሎዶይ ግን እስካሁን ድረስ በድንኳኔ በኩል አያልፍም፤ በኮረብታው ዞሮ ይሄዳል። እሱን አልከሰውም። የታዘዘውን ነው ያደረገው፤ ባሳርም የተሰጠውን ነው የበላው።

ሐዳጉን አንገቱ ላይ አሰርኩለት። ስለዚህ ቆጠራዎ ይታረም ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ፦ ባሳር አሁን ሰማያዊ አለው። ደንቡን ሙሉ በሙሉ ያከብራል። አይነክስም፣ አይጮኽም፣ ትል አያስተላልፍም።

ሰው በማይረግጠው ከፍታ ላይ ቀበርኩት። ሰው ሆኖ እንዲወለድ እንደ ወጉ ጅራቱን ቆርጬ ከራሱ ሥር አኖርኩለት፤ አፉ ውስጥም ላት አደረግሁለት። ክኒን የሌለበት ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠራጠረኝ ተቀበለኝ። በጆሮው፣ በሚመጣው ሕይወትህ ሰው ሆነህ ተወለድ አልኩት። ጥቂት ከሄድኩ በኋላ ግን ስጋት ገባኝና ተመለስኩ፤ ሹም ሆነህ ግን እንዳትወለድ፣ አደራ ብዬ ጨመርኩለት።

አሁን ልመናዬ ትንሽ ናት። ውሻዬን የሚመልስልኝ እንደሌለ አውቃለሁ። ፈፋው ይደፈን። ክኒኑ መንገዱን ይጨርስ። ቄራው የሚጥለውን ጉበት ይቅበር። የሎዶይ ሕፃን ልጅ የምትጫወተው በዚያ ፈፋ አፋፍ ላይ ነው፤ ጭቃ ታቦካለች፣ እጇንም አፏ ውስጥ ትከታለች። ሐንድሱሬን ያየችውን እንድታይ አልፈልግም። አባቷም እንደኔ የደረቀ ቋጠሮ በጥርሱ እንዲፈታ አልመኝለትም።

እንግዶችዎ በሰላም ይምጡ፣ በሰላም ይሂዱ። ወንበርዎ አይነቃነቅ፣ ምድጃዎ አይጥፋ፣ ዕድሜዎም እንደዚያ ክኒን መንገድ ይርዘም እያልኩ፣ ከፍ ባለ አክብሮት፣ ከዝቅተኛው ሸለቆ እጅ የምነሳ፣

የሻራቭ ልጅ ቶግሚድ፣
የሐንድሱሬን ባል፣ የባሳር ጌታ የነበርኩ።

ማሳሰቢያ፦ ውሾቹ ካለቁ ወዲህ ፈፋውን የሚያጸዱት ቀበሮዎች ናቸው፤ የእነሱም አንጀት ያቺን ትል ያሳድራል አሉ። ሰማያዊ ጨርቅ ማን እንደሚያስርላቸው ቢሮዎ ይወስን። እርስዎም በዚህ በኩል ያለፉ እንደሆነ ድንኳኔ ክፍት ነው፤ ሻይም አለ። ራቅ ብለው ቆመው ውሻህን ያዝ ብለው መጣራት ግን አያስፈልግዎትም። ዝም ብለው ይግቡ።