አምስት አምስት ወይስ ስምንት ስምንት

አባዬ፣

ካጣሁህ ሁለተኛው ክረምት ገባ። እዚህ ጨለለቂ ዛሬም ሲዘንብ ዋለ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ አልፎ አልፎ ያማታል። የጓሮው ጂምህ እንደተውከው ነው፤ ሲሚንቶ በጣሳ እየሞላህ የሠራሃቸውን ክብደቶች እኛ ተማሪዎችህ እስካሁን እናነሳለን።

የምጽፍልህ ግራ ቢገባኝ ነው። ብረት ከትከሻ ወደ ላይ መግፋት ስታስተምረኝ፣ «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ አምስት ዙር፣ በየዙሩ አምስት ጊዜ። ሁሉም ሲሞላልሽ ትንሽ ጨምሪ» አልከኝ። እንዳልከኝ እያደረግሁ ሠላሳ አምስት ኪሎ ደረስኩ። አንተ ከሄድክ በኋላ ግን እዚያው ቀረሁ። ሦስተኛው ዙር ላይ ክንዴ መሃል መንገድ ላይ ይቆምብኛል።

ገመቹን ጠየቅሁት፤ ያንተን ተማሪ፣ አሁን ከኒሳ ቀሴ ሄዶ የሚያሠለጥነውን። «ክብደቱን ቀንሺና ሦስት ዙር፣ ስምንት ስምንት ጊዜ ሥሪ። አባትሽ ነው እንዲህ ያስተማረኝ» አለኝ። አንተው ያሠለጠንካት ነርሷ ሐና ስትሰማ ሳቀች። «እኔንማ ከበድ አድርገሽ ሦስት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው ያለኝ!»

አባዬ፣ ተናደድኩብህ። እውነተኛው የቱ ነበር? ለእኔ የሰጠኸኝ ለልጅ የሚሰጠውን ቀላሉን ነው? ወይስ አንተም እየሞከርክ ነበር? አንዱን ሳምንት እንደ ሐና፣ ሌላውን እንደ ገመቹ ሠራሁ፤ ባሰብኝ።

በዚህ መሃል አጎቴ ለጓሮው ተከራይ አገኘ፤ በቆሎ የሚያከማች ነጋዴ ነው። «ልጄ፣ ብረቱን ለማን ብለን እናስቀምጠዋለን?» አለችኝ እማዬ። እኔ ራሴ ወደፊት መሄድ አቅቶኝ ለማን ልበላት?

እሑድ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ብረት እየገፋሁ ነበር። አንተ እያለህ የጂሙን ደጅ ረግጣ የማታውቀው እሷ ነጠላዋን እንደለበሰች ገባች። ጥቂት አየችኝና፣ «ምነው ወገብሽ ወደ ኋላ ይለመጣል? በትከሻሽ የምታነሺው መስሎኝ!» ብላ ጮኸች።

ብረቱን አስቀመጥኩት። እውነቷን ነበር፤ ክንዴ ሲያቅተው በወገቤ እየሰረቅሁ ነበር፣ አንድም ሰው አላየልኝም። ወዲያው ገመቹ ጋ ደወልኩ። «አባዬ ስምንት ስምንት ሥራ ከማለቱ በፊት ምን አደረገ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ምንም። ቆሞ ብዙ አየኝና፣ አነሳስህ ገና አልተስተካከለም፣ ቀለል አድርገህ ደጋግመው አለኝ» አለ። ሐናም ስጠይቃት እንደዚሁ፤ አነሳሷ የተስተካከለ መሆኑን አይተህ፣ «የሚቀርሽ ጉልበት ነው፣ ክብደት አትፍሪ» ብለሃታል። ለካ ቁጥሩን የምትሰጠው ሰውየውን አይተህ ነው። ወይም እንደዚያ መስሎኛል፤ አንተን መጠየቅ አልችል።

ወደ ሃያ አምስት ኪሎ ወርጄ ስምንት ስምንቱን ጀመርኩ። እማዬ በርጩማ አምጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ወገቤ ሲለመጥ «በቃ!» ትላለች፤ ያ ዙር እዚያው ያበቃል። ሦስቱም ዙር ሲሞላ ብቻ ጥቂት እጨምራለሁ። ክብደቱ ወደ ሠላሳ አምስቱ ሲጠጋ ወደ አምስት አምስቱ ተመለስኩ፤ ባለፈው ሳምንት ሠላሳ አምስቱን ቀጥ ብዬ አምስቱንም ዙር ጨረስኩት። እማዬ እልል ልትል ጀምራ ለቅሶ አቋረጣት። እኔም አብሬያት አለቀስኩ፤ ደስታ ይሁን ያንተ ናፍቆት አልለየሁትም።

ነጋዴው ተመልሶ አልመጣም። እማዬ ምን እንዳለችው አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ከዚህ በኋላስ? አምስት አምስቱን ልቀጥል ወይስ ክብደት ጨምሬ ወደ ሦስት ሦስት ልሂድ? አሁንም አላውቅም። ዛሬ ጠዋት አንዲት አዲስ ልጅ መጥታ፣ «እኔስ ስንት ጊዜ ላንሳ?» አለችኝ። ቁጥር ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። «እስቲ መጀመሪያ አንሺና ልይሽ» አልኳት።

በዚህ በር ሰው እስከገባ ድረስ፣ አባዬ፣ አንተን የምረሳበት ቀን አይኖርም።

ልጅህ ሌንሳ