ፈረስ ነካሿ በካኔላ ጋጣ

ሁይጋልፓ፣ ኦክቶበር 19 ቀን

ለግትሩ ባለቤቴ ለክሪሳንቶ፣

ስለ ጤናህ አልጠይቅህም። እህትህ ብሪሂዳ በአይብና በክሬም እያጠገበችህ መሆኑን፣ ሆድህም ከቀበቶህ በላይ መውጣት እንደጀመረ የወተት መኪናው ሾፌር ነግሮኛል። እኔም ደህና ነኝ፤ ጣሪያው አያፈስም፤ ዶሮዎቹም እየጣሉ ነው። ስልክ ብደውል ስለማታነሳ ይህን ደብዳቤና አብሮት ያለውን ትንሽ ሣጥን በሾፌሩ እጅ ልኬልሃለሁ። ሣጥኑን ደብዳቤውን ሳትጨርስ እንዳትከፍተው።

መጀመሪያ የምትጠላውን ልንገርህና ይውጣልኝ። ሸረሪቷ አለች። አንተ የአጥር ምሰሶ ልትተክል ስትቆፍር ከጉድጓዷ የወጣችው፣ አካፋህ አንድ እግሯን ሲቆርጣት እንኳ ሳትሸሽ የፊት እግሮቿን አንስታ የቆመችብህ፣ እኔም ቅል የደፋሁባት ያቺው ፈረስ ነካሽ። ሽንቷ የነካው ፈረስ ሰኮናው ይወልቃል የሚለውን እኔም ከእናቴ ጡት ጋር ጠብቼዋለሁ። ጉድጓዷን አግኝቶ ጋዝ ያላፈሰሰባት ፈረሰኛ በዚህ አገር እንደሌለም አውቃለሁ። ግን ያን የሚያህል አካፋ ፊት ቆማ ስትሟገት ሳያት ወደድኳት። ምን ላድርግ?

አንተ ደግሞ ባዝራህ ካኔላ ማነከስ ጀምራ ነበርና የሰኮናዋን መላላት በሸረሪቷ አሳበብክ። «እሷ ካለች እኔ የለሁም» አልከኝ፤ በማግስቱ ባዝራህን እየሳብክ ካሞአፓ እህትህ ቤት ገባህ። ያን ቀን ያላልኩህን አሁን ልበልህ። አውሬዋ ያን ያህል የምታስፈራ ከሆነች፣ ካኔላን አድነህ እኔን ከእሷ ጋር ጥለኸኝ ሄድክ ማለት ነው። አለቀስኩ፣ ክሪሳንቶ። አልቅሼ ስጨርስ ተናደድኩ፤ ሄጄም የዓሣ ማርቢያ መስተዋት ገዛሁላት።

ጀማሪ ነኝና ስሕተቴ ብዙ ነበር። ከቤታችን ማንም ሳይበላ አያድርም ብዬ ከራሴ ሳህን የቶርቲያ ቂጣና ትኩስ አይብ ቆርሼ ሰጠኋት። እሷ ዞራም አላየችው። አይቡ ሻገተ፤ ጉንዳን መጣ፤ እንግዳዬን ጉንዳን ሊበላብኝ ሲል ደረስኩ። ደግሞ ትሙቅ ብዬ መስኮቱ ላይ ባስቀምጣት ፀሐዩ መስተዋቱን ምድጃ አደረገው። በመጨረሻ የሁለተኛ ደረጃው የባዮሎጂ አስተማሪ መጥቶ፣ ስቆብኝ ሲያበቃ፣ ነገሩን አሳየኝ።

አሁን አዋቂ ሆኛለሁ። ጠቅጠቅ ተደርጎ የተሞላ ጥልቅ አፈር አላት፤ መሸሸጊያዋ የተሰበረው የሸክላ ድስት ግማሽ ነው፤ ውሃዋን በማርማላታ ክዳን አቀርብላታለሁ። መብራት ሥር የሚሰበሰበውን ፌንጣ እየያዝኩ በሳምንት አንዴ እሰጣታለሁ፤ ያልነካችውን ደግሞ አወጣዋለሁ። በእጄ አልይዛትም፤ ከፍ ካለ ቦታ ብትወድቅ ሆዷ ይፈነዳል። ስትቆጣ ዞር ትልና የሆዷን ጠጉር በኋላ እግሯ ትበትናለች፤ አንዴ ክንዴን ቆዳዬ እስኪላጥ አሳክኮኛል። ስሟ ክሪሳንታ ነው። አትቆጣ። ቀኑን ሙሉ ከጉድጓዷ አትወጣም፣ አትናገርም፣ ሲከፋት ጀርባዋን ትሰጣለች፤ ታዲያ ሌላ ምን ስም ሊመጣልኝ ኖሯል?

አሁን ወደ ባለፈው ማክሰኞ ልምጣ። ከሰነበተች በኋላ ፌንጣ እምቢ ማለት ጀምራ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ክዳኑን ሳነሳ በጀርባዋ ተንጋልላለች፤ እግሮቿ ሁሉ ወደ ላይ። ጎረቤታችን ዶኛ ኦቲሊያ ስኳር ልትበደር መጥታ ነበርና አብራኝ አየቻት።

«ሞታለች አንቺ» አለች። «እሰይ በይ፤ አሁን ባልሽን ጥሪው።»

እውነቱን ልንገርህ፤ ለአንድ አፍታ ልቤ እሰይ ብሎ ነበር። ሸሚዝህን ሳጥብ፣ የካኔላ ኮቴ በበሩ ሲገባ፣ ሁሉም ታየኝ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ሳይ አንዷ እግሯ በጣም በቀስታ ነቅነቅ አለች።

ያን ጊዜ በሩ ተንኳኳ። የወባና የደንጊ ትንኝ ለመግደል በማሽን የሚያጨሱት ሰዎች ናቸው፤ ዝናቡ ከጀመረ ሰፈሩን በየቤቱ እየዞሩ ነበር። የዚያ ማሽን ጭስ ትንኝ ገድሎ ሸረሪት እንደማይምር አንተም ታውቃለህ። ዶኛ ኦቲሊያ ጆሮዬ ላይ መጥታ፣ «ዝም ብለሽ ውጪ፤ ጭሱ ይጨርስልሻል። ማን ምን ይልሻል?» አለችኝ። ልክ ናት፤ ማንም ምንም አይለኝም ነበር። አንተም ትመጣ ነበር።

እኔ ግን አንተን በዚያ መንገድ አልፈልግህም። ደግሞ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ካኔላ ስትወለድ፣ የውርንጭላዋ እግር ብቅ ብሎ ቀረ ብለን ሁላችን ስንንጫጫ፣ እናንተ ሂዱ ብለህ ጎረቤቱን ሁሉ ከጋጣው አስወጥተህ፣ «በራሱ የሚወጣን ነገር አይጎትቱም» ብለህ በርጩማህ ላይ ዝም ብለህ ተቀመጥክ። ይቺም ሟች ሳትሆን ከቆዳዋ የምትወጣ መሰለችኝ።

ማሽኑን የተሸከመውን ኡሪኤልን፣ «ታጨሳለህ፤ መጀመሪያ ግን ይህን ጠረጴዛ ያዝልኝ» አልኩት። መስተዋቱን አይቶ ወደ ኋላ አለ። «ዶኛ፣ ይቺማ ፈረስ ነካሽ ናት!»

«በፈረስ አልመጣህ፤ ምን ያስፈራሃል?»

ጓደኛው በሳቅ ፈረሰ፤ ኡሪኤልም አፍሮ ያዘልኝ። ጠረጴዛውን ከነመስተዋቱ፣ በበዓል ቀን የቅዱስ ምስል እንደሚሸከሙ፣ ጭሱ ወደማይደርስበት ብቸኛ ቦታ ወሰድነው። የት እንደሆነ ገብቶሃል። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? የጠላሃት የካኔላን ጋጣ ወረሰች።

በርጩማህ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ኮርቻህ አንተን አንተን ይሸታል። ሊያያት የመጣው ሰው ሁሉ «ትንሽ ነካ አድርጊያት» ሲለኝ አልነካኋትም። ከሰዓት በኋላ ደረቷ ላይ ቆዳዋ ተሰነጠቀ፤ ከዚያ ጣቶቹን ከአሮጌ ጓንት እንደሚያወጣ ሰው እግሮቿን አንድ በአንድ ሳበቻቸው። ወጥታ ስታበቃ እርጥብና ገርጣ ያለች ነበረች። አንተ በአካፋ የቆረጥከው እግር በቅሏል፣ ክሪሳንቶ። ከሌሎቹ ቀጠን ያለ ነው፤ ግን ይረግጣል።

ስነሳ ጫማዬ በስብሷል። ሰሞኑን ግን ዝናቡ ጋብ ብሎ ነበር። ድርቆሹን ገለጥ ባደርግ ሥሩ ጭቃ ነው። ወደ ገንዳው የሚሄደው ቧንቧ በስንጥቅ እያፈሰሰ፣ ውሃው ልክ የካኔላ የኋላ እግሮች የሚቆሙበት ቦታ ይተኛል። ብሪሂዳ «ከሸረሪቷ ስለራቀች ዳነች» ብላ እንደምታወራ ሰምቻለሁ። መዳኗ ደስ ብሎኛል፤ ከዚህ ማራቅህም ልክ ነበር። ግን የዳነችው ከጭቃው ስለራቀች ነው። ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ከርመናል፤ እኔም በየቀኑ በዚያ በር እያለፍኩ አላየሁትም።

ቧንቧውን አስቀይሬያለሁ። መሬቱን በጠጠርና በአሸዋ አስደልድዬዋለሁ፤ አሁን በካልሲ ብትቆምበት አይበሰብስም። ክሪሳንታን ጥርሷ እስኪጠነክር ምግብ ሳልሰጥ ጠብቄ ወደ ቤት መልሻታለሁ፤ ትናንት የመጀመሪያ ፌንጣዋን ዘላ ያዘች። ማየት ነበረብህ።

አሁን ሣጥኑን ክፈት። አትፍራ፣ እሷ የለችበትም፤ የጣለችው ባዶ ቆዳዋ ነው። እግሮቹን ቁጠራቸው፤ ሰባት ናቸው። ስምንተኛው እዚህ ነው ያለው፤ ማየት የፈለገ ይመጣል።

እንግዲህ ሰበብ አልቆብሃል። ሸረሪቷ ከሆነች ክዳን አላት። ሰኮናው ከሆነ ጋጣው ደርቋል። የሸሸኸው እኔን ከሆነ ግን እኔ ክዳን የለኝም፤ መጥተህ ፊት ለፊቴ ንገረኝ፤ የምለውንም ቁጭ ብለህ ስማ።

እመቤታችን መንገድህን ታቅናልህ፤ የካኔላን ሰኮና ታጽና፤ የአንተን ልብ ደግሞ ትንሽ ታላላው።

ሚስትህ ኤርሜሊንዳ

ይህን ረስቼ፦ ዳግመኛ የምትሸሽበት ቀን ከመጣ፣ ከካኔላ በፊት እኔን አውጣ።