የመሐለኛዋ ድምፅ

ሰኞ

አስካለ ልትመጣ ነው። ልጄ ሜሮን ምሳ ላይ ነገረችኝና ጉርሻዬን ሳህኑ ላይ መለስኩት። እዚህ ካምፓላ፣ ካንሳንጋ ሰፈር ያሉት አበሾች ቅዳሜ በአዳራሽ ሊያከብሯት ነው አሉ። ማስታወቂያውን በስልኳ አሳየችኝ፤ የድሮው ፎቶ ተቆርጦ አስካለ ብቻዋን። በጃንሆይ ጊዜ ሦስት ሆነን በአንድ ማይክሮፎን የዘፈንን ሰዎች ነን። በድምፅ ከላይ አስካለ፣ ከታች ነፍሷን ይማርና ብርቄ፣ መሐል እኔ። ፎቶው ላይ ከእኔ የቀረው ትከሻዬ ነው።

ከሰዓት አዘጋጁ ልጅ ደወለ። ሸክላችንን ሰምቶታል። "እማማ ዘነበች፣ ያ መሐል ያለው ድምፅ ስቶ ነው እንዴ?" አለኝ። ያኔም እንዲሁ ይሉኝ ነበር። የእኛ ሰው ሁሉም ባንድ ዜማ ካልሄደ አንዱ ተሳስቷል ብሎ ነው የሚያስበው። ስልኩን ዘጋሁበት።

ማክሰኞ

መጣች። ፀጉሯን ጥቁር ተቀብታለች፤ ወገቧ ቀጥ ያለ ነው። እኔ ወገቤን ይዤ ተቀበልኳት። የምታርፈው እኛ ቤት ስለሆነ አልጋዬን ለቀቅኩላት። ሜሮን እዚህ ሮሌክስ የሚሉትን በቂጣ የተጠቀለለ እንቁላል ከመንገድ ገዝታ መጣች፤ አስካለ እንቁላሉን ከነቂጣው ጥርግ አድርጋ በላች። እኔ ካምፓላን ለመልመድ ስንት ጊዜ ፈጀብኝ! በዚህም ቀናሁ።

ሻይ ላይ "ሦስት ሆነን ነው መዝፈን ያለብን" አለች። ልቤ ዘለለ። "እኔ፣ ሜሮን፣ ከሜሮን መሥሪያ ቤት ደግሞ አንዷ። ዘኑዬ፣ አንቺን ሳል አይለቅሽም፤ ፊት ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ።" ሜሮን ፊቴን እንኳ ሳታይ እሺ አለች። የወለድኳት ልጅ።

ረቡዕ

የመሐሉን ድምፅ ከሸክላው ብቻ ለይቶ ማጥናት አይቻልም። ሜሮን "አስተምሪኝ እማዬ" አለችኝ። ከሥራ ስትመለስ ወጥ ቤት ቆመን ጀመርን። ቶሎ ያዘችው። ትንፋሿ ረጅም ነው፤ ድምጿም፣ እንግዲህ ልጻፈው፣ ከድሮው ድምፄ ያምራል። እናት በልጇ ትኮራለች ይላሉ። እኔ ተቃጠልኩ።

መጨረሻው ስንኝ ላይ ከአስካለ በላይ የምወጣባት ቦታ አለች። በዘፈኑ ሁሉ ያቺ ቦታ ብቻ ናት የእኔ። "እዚህ ጋ ዝም በዪ" አልኳት። ዋሸኋት። ያቺ ቦታ ከእኔ ጋር ትቀበር።

ዓርብ

ሳሎናችን ውስጥ ተለማመዱ። አስካለ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ አስቆመቻቸው። "ያቺ ወደ ላይ የምትወጣዋ የት ሄደች?" አለች። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። ራሷ ዘፈነችው፤ የእኔን ቦታ፣ አንዲት ሳትስት። ለሜሮን አስጠናቻት። ሜሮን ዞር ብላ አየችኝና መዝፈኗን ቀጠለች። እሱ ባሰብኝ።

ልጆቹ ሲወጡ "ከየት ታውቂዋለሽ?" ብዬ ጠየቅኳት።

"እዚያ ስትደርሺ ሰው ሁሉ ወዳንቺ ይዞር ነበር። ብቻዬን ስንቴ ሞክሬያታለሁ መሰለሽ" አለች።

አላመንኳትም። ቆይቼ ግን አመንኳት። ደስ ይበለኝ ወይስ ይናደኝ አላወቅኩም።

እሑድ

ትናንት አዳራሹ ሞላ። አስካለ ዘፈነች፤ አዳነቁላት። መጨረሻው ስንኝ ላይ ሜሮን ያቺን ቦታ ይዛ ወደ ላይ ወጣች። እንዲያ አድርጌ ወጥቼው አላውቅም። ሰው ዘፈኑ ሳያልቅ ብድግ አለ፤ ስልኮች ሁሉ ወደ እሷ ዞሩ። አዘጋጁ ልጅ አጠገቤ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ስታለች አላለም። እኔ ግን አስካለን ነበር የማየው። ፈገግ ብላለች፣ በከንፈሯ ብቻ። ያንን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ ከጎኗ ቆሜ ዕድሜዬን የፈገግኩት ነው።

ከመድረክ ወርዳ አጠገቤ ተቀመጠች። ሜሮንን ሰው ከቧታል።

"ቀናሽ?" አለችኝ።

"በልጄ?"

"እውነቱን ንገሪኝ።"

"አዎ።"

"እኔም" አለችና እጄን ያዘች።

ነገ ልትሄድ ነበር፤ ሳምንት ልቆይ አለችኝ፤ እሺ አልኳት። ዛሬ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ አብረን ተቀምጠን ቁርስ ስንጠብቅ፣ ሜሮን ወጥ ቤት ሆና ያቺን ቦታ መላልሳ ትዘፍናታለች። አስካለና እኔ ባንድ አፍ "ዝቅ አድርጊው!" አልናት።